አማቼ የሰፋው ጀልባ

ጀልባ በወስፌ ሲሰፋ ያየ ከመካከላችሁ ማን አለ? እኔ አይቻለሁ። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤቴ ጓሮ፣ በዚያ በሐምሌ ዶፍ፣ ልጄን ያገባው መምህር ጨመዳ በሽመል አጽም ላይ የበሬ ቆዳ ወጥሮ እንደ ጫማ ሲሰፋ ዓይኔ እያየ ከርሟል። ስሙን ስጠራው ጎረቤቴ ቀለሟ ትሳቀቃለች። በእነሱ፣ በኦሮሞዎቹ ደንብ አማትና አማች ስም አይጠራሩም፤ ለጉ ይሉታል፣ ነውር ነው ማለታቸው ነው። እኔ የቡልጋ ልጅ ነኝ፤ የእነሱ ለጉ እኔን አያስረኝም። ጨመዳ! ጨመዳ! ይኸው ጠራሁት፤ ሰማይ ተደፋ እንዴ?

ልጄን ካገባት ጀምሮ ፊቱን በቅጡ አሳይቶኝ አያውቅም። ቤቴ ሲመጣ ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ይከናነባል፤ መንገድ ላይ ካገኘኝ አጥር ተጠግቶ ጀርባውን ይሰጠኛል። የሚለው ነገር ካለው ለሦስተኛ ሰው ይነግራል፤ ሦስተኛ ሰው ከጠፋ ለግድግዳ። አንድ ቀን "ይህ ምሰሶ የሚጠጣ ውሃ ይሰጠኝ ይሆን?" ብሎ የቤቴን ምሰሶ ሲለምን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሚሲዮን ቤት ያደገ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ሂሳብ የሚያስተምር ሰው ነው እንግዲህ! አክብሮት ነው ይሉኛል። እኔን የሚያከብር ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ያክብረኝ እንጂ ጀርባውን ምን ላድርገው። ቀለሟ ግን እንዲህ ስላት ደንግጣ አፏን በእጇ ትይዛለች።

እኔ ሸዋጌጥ አዋላጅ ነኝ። ባሌ ወታደር ነበር፤ ወለጋ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁ፣ እሱን እዚሁ ቀበርኩ፣ እዚሁ ቀረሁ። በነቀምቴ ከትልልቆቹ ግቢ እስከ ገበያ ጥግ ጎጆ ድረስ ምጥ በተባለበት ቤት ሁሉ የምጠራ እኔ ነኝ። አፏ ክፉ ነው ይላሉ። ይበሉ! ምጥ የያዛት ሴት ማባበል አያሻትም፤ ቆጣ ሲሏት ነው የምትገፋ። ስንቱን በዚህ አፌ አውጥቻለሁ።

እግዜር የሰጠኝ አንዲት ልጅ ናት፣ ድንቅነሽ። የመጀመሪያዋን ስታምጥም የያዝኳት እኔው ነበርኩ። ልፍስፍስ ናት፣ በአባቷ የወጣች። "ግፊ! አንቺ ቅምጥል! እኔ አንቺን ስወልድ ጎረቤት እንኳ አልሰማም!" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩባት። ልጁ ሞቶ ወጣ። ያን ጊዜ ገበያ ውስጥ "የሰው ታዋልዳለች፣ የራሷን የልጅ ልጅ ግን…" የሚል ሹክሹክታ በጆሮዬ ሰማሁ። ሞኝ ሁሉ! በእኔ እጅ ነው የሞተው? በእሷ ልፍስፍስነት እንጂ። ቢሆንም እንቅልፍ ነሳኝ። ሁለተኛው ሲመጣ በገዛ እጄ፣ በሕይወት፣ እያለቀሰ አወጣዋለሁ ብዬ ማልሁ። ለስሜም፣ ለልጄም ስል። ከዚያ በኋላ ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ልጁ በሞተ በዓመቱ ጨመዳ ዝውውር ጠየቀ። ከነቀምቴ ወደ አንገር ወንዝ ማዶ! ሰው ከቆላ ወደ ከተማ ለመዛወር ደጅ ይጠናል፤ እሱ ወባ ፍለጋ ወረደ። ልጄም አንድ ቃል ሳትናገር ዕቃዋን ሸክፋ ተከተለችው። ግም ለግም አብረህ አዝግም አልኩና ተውኳቸው።

ድንቅነሽ እዚያ ደግማ አረገዘች። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጨመዳ የተማሪዎቹን ውጤት ሊያስረክብ ወደ ነቀምቴ ወጣ፤ ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ዝናቡ ግን እሱን አልጠበቀም፣ አንገር ሞላ። እኛ በምንሻገርበት በኩል ያኔ ድልድይ የሚባል ነገር የለም። በበጋ በእግር ይታለፋል፤ በክረምት ዋናተኞች ግንድ አስይዘው ያሻግራሉ። የዚያን ዓመቱን ውሃ ግን ዋናተኞቹም ሸሹት። መጨረሻ የተሻገረው አንድ የማር ነጋዴ ወሬ ይዞ መጣ፦ የድንቅነሽ እግር አብጧል፣ ፍልሰታ ሳይፈታ ትወልዳለች።

እኔ እዚህ፣ ልጄ እዚያ፣ መሃል ላይ አንገር። ደረቴን እየደቃሁ "ምን ይሻለናል?" ስል መምህሩ ሚሲዮን ሄዶ ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደ ሥዕል ይዞ ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለእኔ አልሰጠኝም፤ ለቀለሟ ሰጣት፣ ቀለሟ ለእኔ ሰጠችኝ። በረዶ አገር ያለ አንድ ሰውዬ ከረጅም ከረጢት ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ባሕር ላይ ተንሳፏል። ካያክ ይባላል አለችኝ። አጽሙ እንጨት ነው፣ ልብሱ የባሕር አውሬ ቆዳ።

"አዴ ሸዋጌጥ፣ በርሲሳው ይህን እዚህ ጓሮ ልሥራ ይላል" አለች ቀለሟ። አዴ በእነሱ እመት፣ በርሲሳ መምህር ማለት ነው።

"በምን ሊሠራው? በሂሳብ?"

"በሽመልና በበሬ ቆዳ።"

"ለመሆኑ ጀልባ አይቶ ያውቃል?"

ሄዳ ጠይቃው መጣች። ጨመዳ ክንድ በማይሞላ ርቀት ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ሁሉን ይሰማል፤ እሷ ግን ደንብ ነውና ሄዳ ጠይቃው መጣች። "አላየሁም ይላል" አለችኝ።

"ደግ፣ ይሥራ። ላም አለኝ በሰማይ!" አልኩ። እሺ ያልኩት አምኜበት እንዳይመስላችሁ። ሌላ መሻገሪያ ስላልነበረኝ ነው።

ሽመሉን ከቆላ በአህያ አስጫነ። ሰንጥቆ ረጃጅሙን ለወገቡ፣ አጫጭሩን ለጎድኑ አደረገው። ጎድኑን ለማጉበጥ በርሜሌን እሳት ላይ ጥዶ በእንፋሎት ያጥነዋል፤ ለስለስ ሲል በጉልበቱ ይቆለምመዋል። ግማሹ ቀጭ ይላል። ወንድ ልጅ እንጨት ሲሰበርበት ይሳደባል፣ ይወረውራል፤ እሱ የተሰበረውን አንሥቶ በሐዘን ያየውና ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሽመልን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እሱን አየሁ። የተረፈውን በጠፍር አሰረው፤ ሲያልቅ በጓሮዬ የአንድ ግዙፍ ዓሣ አጥንት የተጋደመ ይመስል ነበር።

ባላምባራስ ሽብሩ የሚባል ጎረቤት ደግሞ አለኝ። ሥራው ጃንጥላ ይዞ ሰው ሲሠራ ማየት ነው። በጎልማሳነቱ ጣና ዳር ስለከረመ ስለ ውሃ የማያውቀው የለም። ጠዋት "ጠቧል፣ አስፋው" ይላል፤ ከሰዓት "ሰፍቷል፣ አጥብበው" ይላል። ጨመዳ ለሁለቱም ጎንበስ ብሎ "እሺ ጌታዬ" ይልና የጀመረውን ይቀጥላል። ሽብሩ እሺ የተባለ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። ሁለት ጅል ሲከባበር ከማየት የባሰ ምን አለ?

ሐምሌ አምስት ጾም ሲፈታ ሰፈርተኛው ቅርጫ አረደ፤ ቆዳውን ጨመዳ ወሰደው። ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው፣ ጠጉሩን ፋቀው። በሐምሌ ፀሐይ የለም፣ ሽታው ጨለለቂን አዳረሰ። ሰላም ሊለኝ የመጣ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ "ምነው ሸዋጌጥ፣ ቆዳ ማልፋት ጀመርሽ እንዴ?" ይለኛል። ከዚያ እርጥቡን ቆዳ አጽሙ ላይ ወጠረና መስፋት ጀመረ። በወስፌ ይበሳል፣ በጅማት ይጠልፋል፣ በጥርሱ ያጠብቃል። ጣቱ እስኪደማ ይሰፋል። እኔ ደጃፌ ላይ ሆኜ "አይ መምህር! ይህን ያህል ለደብተር ቢተጋ ዲሬክተር በሆነ ነበር" እላለሁ፣ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

አንድ ማለዳ ስንነሣ የሰፈር ውሾች ተሰብስበው የጀልባውን አፍንጫ በልተውት አገኘን። ኧረ ሳቅሁ! በሳቅ ሆዴን አመመኝ። "የፈረንጅ ጀልባ ያበሻ ውሻ በላው" ብዬ ለመጣው ለሄደው አወራሁ። ጨመዳ ከጫፍ የተረፈ ቁራጭ ቆዳ ፈልጎ ለጠፈበት። ከዚያ ወዲያ ከውሻም እንዲድን በጢስም እንዲደርቅ ማድቤት ይግባልኝ አለ፣ በቀለሟ በኩል። ማድቤቴ ጠባብ ነው። ግማሹ ከምድጃው በላይ ተንጠለጠለ፣ ግማሹ በበሩ ወጣ። ሽሮዬን ለማማሰል ከጀልባ ሥር አጎንብሼ እገባ ጀመር፤ ለዚህም እግዜር ይስጥልኝ ያለኝ የለም።

ስፌቱን በሰምና በሞራ ልድፈን ሲል ፍልሰታ ገባ። በጾም ምድጃዬ ላይ ሞራ! "በእኔ ቤት በፍልሰታ ሞራ አይቀልጥም!" አልኩ። እሱና ቀለሟ የሚሲዮን ሰዎች ናቸው፣ ፍልሰታን አይጾሙም። እሷ ቤት ያቀልጠውና ጭልፋ ይዞ በዝናብ ይሮጣል፤ ማድቤቴ ሲደርስ ሞራው ረግቷል። ተመልሶ ያቀልጣል። እንደገና ይሮጣል። ጭቃ ላይ ሲንሸራተት፣ ጋቢው ሲጎተት፣ እኔን ሲያይ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል ፊቱን ሊሸፍን ሲታገል! እንዲያ እያለ ደፈነው።

ሊፈትነው ከጨለለቂ በታች ወዳለው ወንዝ ሲወስደው ሰው ሁሉ ተከተለው፣ እኔም ሄድኩ፣ ባይሳካስ ብዬ። ጨመዳ ገባበት። ጀልባው ግልብጥ አለ፤ የመምህሩ ራስ ታች፣ የጀልባው ሆድ ላይ። የድሮ ተማሪዎቹ ጎትተው ባያወጡት እዚያው ቀርቶ ነበር። ባላምባራስ ሽብሩ ጃንጥላውን ዘግቶ "ብያለሁ፣ ጠቧል ብያለሁ" አለ። ጨመዳ ውሃው እየተንጠባጠበ ጀልባውን ወደ ቤት አመጣ፣ ክብደት እንዲይዝ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ደለደለበት፣ በማግስቱ እንደገና ሞከረው። አልተገለበጠም።

እንግዲህ ልንሄድ ነው ብዬ ዕቃዬን ስሸክፍ ነበር ጀልባውን ልብ ብዬ ያየሁት። ከላይ ዙሪያውን በቆዳ ተሸፍኗል። መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ። አንድ!

"ይህ የማን መቀመጫ ነው?" አልኳት ቀለሟን።

"የበርሲሳው።"

"የእኔስ?"

ሄዳ መጣች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ "ካማት ጋር ባንድ ጀልባ መቀመጥ ለጉ ነው ይላል። ብቻዬን እሄዳለሁ ይላል" አለችኝ።

"ሄዶ ምን ሊያደርግላት? የማባዣ ሠንጠረዥ ሊያስጠናት?"

ጨመዳ ጋቢውን እንደገና ተከናነበ። ከዚያ ለጀልባው ተናገረ። "እዚያ እናቴ አለች፤ እናቴ ትይዛታለች" አለው።

እናቱን አዴ ጂፋሬን አውቃታለሁ። ድምፅዋ ከከንፈሯ የማያልፍ፣ ላም ስታልብ እንኳ ላሚቱን የምታስፈቅድ ሴት ናት። እሷ ናት ምጥ የምትይዝ! የጓሮዬን በር ቆለፍኩና ቁልፉን መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት።

"በይው" አልኳት ቀለሟን፣ "በእኔ ጢስ የደረቀ ጀልባ እኔን ሳይዝ ከቤቴ አይወጣም። ልጄ እኔ በሕይወት እያለሁ በሌላ እጅ አትወልድም። ሁለተኛውም ቢሞትብኝስ? ጠይቂው እስቲ፣ ሁለተኛውም ቢሞትብኝስ?" እንባዬ ሳላስበው መጣ፤ በዚያ ሰውዬ ፊት ማልቀሴ አናደደኝና ይባስ አለቀስኩ።

ጨመዳ ምን እንደሚያስብ ከጀርባው አይታወቅ። ኋላ ቢላዋውን አነሣ፣ ጎድኑን አሸጋሽጎ ሁለተኛ ቀዳዳ አወጣ፣ ዙሪያውን በጠፍር ጠለፈው። ሽብሩ ቀዛፊ ከኋላ ነው የሚቀመጥ ብሎ ተከራከረ። ከኋላ ከተቀመጠ ግን መንገዱን ሁሉ የአማቱን ማጅራት ሊያይ ነው፣ ነውር። ስለዚህ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እንድንሆን ተወሰነ። መቅዘፊያውን ጨመዳ የሠራው የቀለሟ አባት እህል ከሚያዘሩበት ላይዳ ነው፤ ሁለት ላይዳ አንድ እንጨት ጫፍና ጫፍ ላይ አሰረ። በእህል ላይዳ ልንቀዝፍ!

ቡና ጫኝ መኪና ላይ ጭነነው ኡኬ ደረስን። ከዚያ ወዲያ መኪና አይሄድም፣ ጭቃ ነው፤ አራት ጎበዞች ጀልባውን በትከሻቸው ተሸከሙት። ቆዳው ዝናብ ጠጥቶ እንዳይላላ ነጭ አቡጀዲ ተጣለበት። ኡኬ መሃል ስንደርስ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ሱቅ የነበረው ሱቁን ገርበብ አደረገ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አደግድጋ ደረቷን እየመታች ከኋላችን ገባች፣ ሌሎች ተከተሏት። አስከሬን መስሏቸዋል! አንድ ሽማግሌ ተጠግተው "ማነው ያረፈው?" አሉኝ።

"የመምህሩ አእምሮ" አልኳቸው።

አልገባቸውም፤ "ነፍስ ይማር" ብለው እስከ ከተማው ጫፍ ሸኙን። ሴቶቹ እውነቱ ሲነገራቸውም ለቅሶውን ወዲያው አላቆሙም፣ አንዴ ጀምረውታልና። ጨመዳ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ እንደተሸፈነ።

አንገርን ሳየው አማተብኩ። ቀይ ውሃ፣ ዳር እስከ ዳር፣ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ያንከባልላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይህኛው ሳቅ እንኳ አያውቅም። ዳር የተቀመጡት ዋናተኞች ጀልባውን አይተው ተሳሳቁ፣ ከዚያ እኔን አይተው ሳቃቸውን ተዉ። ምላጬን፣ ክሬን፣ ንጹሕ ጨርቄን በከረጢት አንገቴ ላይ አሰርኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ ከኋላው ቀዳዳ ገባሁ። ከፊቴ የአማቼ ጀርባ ተገተረ፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። እንዲያ ተቀራርበን አናውቅም።

እኔ ደግሞ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። "ቀኝ! ወደ ቀኝ በል! ግንድ መጣ፣ ዓይንህ የት ነው! አይ ልጄ፣ ዋናተኛ ብታገባ ምን ነበረበት! ምነው እጅህ ተንቀጠቀጠ፣ ጠመኔ መሰለህ?" እያልኩ ወረድኩበት። እሱ ይቀዝፋል። አንዴ በቀኝ ላይዳ፣ አንዴ በግራ ላይዳ። ጀልባው ወዲያ ወዲህ ሲል ጩኸቴን ለቀቅሁና ጠርዙን ያዝኩ።

"ውሃዬ ሆይ" አለ ጨመዳ ለወንዙ፣ "ከኋላ ያሉት ባይነቃነቁ መልካም ነበር።"

"ለውሃህ ንገረው፣ ስፌቱ እየፈሰሰ ነው በለው!" አልኩ። እውነቴን ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር መቀመጫዬ ሥር እየሞላ ነበር።

"ውሃዬ ሆይ፣ ጣሳው ከእግራቸው ሥር አለ።"

ጣሳውን አገኘሁትና ጨለፍኩ፣ ደፋሁ፣ ጨለፍኩ፣ ደፋሁ። መሃል ላይ ወንዙ ጎትቶን ወደ ታች ወሰደን፤ "እመብርሃን!" ስል፣ እሱ "ዋቀዮ!" ሲል፣ ጀልባው ዘንበል ብሎ ተመለሰ። ቆዳው ይላላል፣ ሽመሉ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ግን አልተለያየም። ተሻገርን። ይህን መናገር ይተናነቀኛል፣ ግን ተሻገርን። የማዶው ጭቃ ላይ ስወድቅ አፈሩን ሳምኩት። ጨመዳ ጀርባውን ሰጥቶ ይዤው እንድወጣ ረጅም ዱላ ዘረጋልኝ፣ እጁ እጄን እንዳይነካ።

ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ደጃፉ ላይ ሴቶች ተሰብስበዋል። "ከትናንት ጀምሮ ይዟታል" አሉን። ደርሻለሁ ማለት ነው። በጭቃ እንደተለወስኩ ሴቶቹን ገፍቼ ገባሁ።

ድንቅነሽ ተንበርክካለች። ራሷን አዴ ጂፋሬ ደረት ላይ ጥላለች፣ ጂፋሬ ወገቧን እያሸች አንድ ነገር ታንጎራጉርላታለች። እንደ ሕፃን! "አይዞሽ፣ መጣሁልሽ፣ እናትሽ መጣችልሽ!" አልኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እልል ትላለች ብዬ ነበር። ፊቷ አመድ ሆነ። ወደ ጂፋሬ ብብት ውስጥ ገባች፣ ተለጠፈችባት፣ በኦሮምኛ ተናገረች።

"አዮ፣ ይህችን ሴትዮ አስወጡልኝ።"

እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ አዮ እናቴ ማለት ነው። ይህችን ሴትዮ!

ምጥ ያናግራል። ባሏን የረገመች፣ አዋላጇን የነከሰች ስንት አይቻለሁ። ይህን ለጂፋሬ ላስረዳት ስል እሷ ቀስ ብላ ተነሣች፣ እጄን ያዘች፣ በዚያ በማይሰማ ድምፅዋ "እህቴ፣ ውጪ ተቀመጪልን" አለችኝ። ብትቆጣኝ ኖሮ እቆጣት ነበር፤ አልተቆጣችኝም። ደጃፍ አውጥታ ግንድ ላይ አስቀመጠችኝና ተመልሳ ገባች። ጨመዳ በጣራው ጠርዝ ሥር በወዲያኛው ጥግ ተቀምጧል፣ ተከናንቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ።

ውጪ ብወጣ አፌ አብሮ አይወጣም! ማቃሰቷ ይሰማኛል። አሁን መግፋት እንዳለባት አውቃለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያወቅሁት ነገር ነው። ግድግዳውን በመዳፌ እየመታሁ "ግፊ! ድንቅነሽ፣ አሁን ነው፣ ግፊ!" አልኩ። ከውስጥ ማቃሰቱ ቆመ። "ምን አድርገዋት ነው ዝም ያለች? እነዚህ ምን ያውቃሉ!" ጠብቄ ጠብቄ እንደገና ድምፅዋ ሲመጣ እንደገና ጮኽኩ። "ግፊ አንቺ ልፍስፍስ! ይህንንም ልትገድዪው ነው?" ዝም። እንደገናም እንደዚያው ሆነ።

ጨመዳ ተነሣ። ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ፤ መሬት ወደቀ፣ አላነሣውም። ዞረ። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ስንት ዘመን አማቼ ሆኖ የፊቱን ቀለም በቅጡ ያየሁት ያኔ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም መስሏል። ለግድግዳው አልተናገረም፣ ለውሃ አልተናገረም። ዓይኔን እያየ ለእኔ ተናገረ።

"ዝም ይበሉ" አለኝ። "ድምፅዎን በሰማች ቁጥር ምጧ ይቆማል። አንገርን ያሻገርኳት ከዚህ ድምፅ ላሳርፋት ብዬ ነበር። ዛሬ በገዛ እጄ መልሼ አመጣሁባት። ዝም ይበሉ።"

የምመልሰው ሞልቶኝ ነበር። አንተ ቆዳ ሰፊ! አንተ ከምሰሶ ጋር የምታወራ! ደፍረህ ለእኔ! ሁሉም ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ግን ከውስጥ ምንም አይሰማም። ማቃሰት የለም፣ ትንፋሽ የለም። ይህን ዝምታ አንድ ጊዜ ሰምቼው አውቃለሁ፤ የመጀመሪያው ልጅ ሊወጣ ሲል እንዲህ ነበር ቤቱ። እጄ ራሱ ነጠላዬን ጠቀለለው፤ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት፣ በጥርሴ ነከስኩት።

ቆየ። ጂፋሬ ስታንጎራጉር ተሰማኝ። ከዚያ የልጄ ማቃሰት ተመለሰ፣ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ በርትቶ። ማንም "ግፊ" አላላትም። ጨመዳ ከፊቴ አልተነሣም፤ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከዚያ ሕፃን አለቀሰ። ጮክ ብሎ፣ ተቆጥቶ፣ ደህና አድርጎ አለቀሰ። እልልታው ከውስጥ ፈነዳ፣ ደጃፍ ያሉት ሴቶች ተቀበሉት፣ ጨመዳ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ከሴቶቹ አንዷ ዞር ብላ አየችኝ። "አያቲቱስ?" አለችኝ እየሳቀች፣ "አያት እልል አትልም እንዴ?"

ነጠላውን ከአፌ አላወጣሁም።